የከባድ መኪና የአየር ፍሬን በብርድ ጊዜ በረዶ እንዳይዘው ምን መደረግ አለበት

በአዋሽና በጅቡቲ መስመር ለሠራ ሹፌር የፍሬን ችግር ማለት በአብዛኛው ሙቀት ነው፤ በጥር ወር በአሜሪካ፣ በዋዮሚንግ በኢንተርስቴት 80 አውራ ጎዳና ወይም በሰሜን ዳኮታ ለሚያድር ሹፌር ግን ዋናው ጠላት ውሃ ነው። ኮምፕሬሰሩ አየሩን ሲያምቀው ይሞቃል፤ የታመቀው አየር ታንክ ውስጥ ገብቶ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የያዘው እርጥበት ውሃ ይሆናል። ይህ ውሃ በቫልቭ ወይም በቱቦ ውስጥ በረዶ ከሠራ አየሩ መተላለፊያ ያጣል። ስለዚህ ጥንቃቄው የሚጀመረው ጠዋት ሳይሆን ማታ፣ ከዚያም አስቀድሞ የበረዶው ወቅት ሳይገባ ነው።

በመጀመሪያ ኤር ድራየሩን፣ ማለትም ከታመቀው አየር እርጥበት የሚያስወግደውን ክፍል፣ ያስመርምሩ። በውስጡ ያለው እርጥበት መጣጭ ካርትሪጅ እንደ አምራቹ መመሪያ፣ ብዙውን ጊዜ በ2 ወይም በ3 ዓመት፣ ይለወጣል፤ ኮምፕሬሰሩ ዘይት የሚያሳልፍ ከሆነ ግን ቶሎ ይበላሻል። በድራየሩ ግርጌ ያለው ማሞቂያ መሥራቱን ለማወቅ በቀዝቃዛ ጠዋት ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን ከፍተው ጥቂት ደቂቃ ይቆዩና ግርጌውን በእጅዎ ይዳስሱ፤ ለብ ካላለ ፊውዙና የኤሌክትሪክ መስመሩ ይታዩ። ሞተሩ ሲሠራ የአየር ግፊቱ ጌጅ ከ120 እስከ 135 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ባለው መካከል ሲደርስ ድራየሩ በኃይል መተንፈስ አለበት፤ ይህ ድምፅ ከጠፋ መተንፈሻው ሳይዘጋ አልቀረም።

በበረዶ ወይም በውሃ ላይ ነድተው ሊያቆሙ ሲቃረቡ፣ ከኋላዎ የሚከተል መኪና እንደሌለ አረጋግጠው በዝግታ እየሄዱ ፍሬኑን ደጋግመው በስሱ ይያዙ፤ የፍሬኑ ሸራና ሸራው የሚፋተግበት፣ ከጎማው ጋር የሚዞረው ታምቡር የሚደርቁት በዚህ ጊዜ በሚፈጠረው ሙቀት ነው። እርጥብ ሆኖ የቆመ ሸራ ሌሊቱን ከታምቡሩ ጋር ይጣበቃልና፣ ማድረቅ ካልተቻለ በሜዳማ ቦታ ጎማዎቹን በታኮ ደግፎ የማቆሚያ ፍሬኑን አለመያዝ ይሻላል።

ታንኮቹን የሚያፈሱት ከዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ግፊቱ ከ45 እስከ 20 ፒኤስአይ ወዳለው ደረጃ ሲወርድ የስፕሪንግ ፍሬኑ (በስፕሪንግ ኃይል የሚይዘውና በአየር ግፊት የሚለቀቀው የማቆሚያ ፍሬን) ራሱ ስለሚይዝ፣ ሸራው ሳይደርቅ ታንክ ያፈሰሰ ሰው ሸራውን በገዛ እጁ ከታምቡሩ ጋር ያስረዋል። ውሃው ገና በረዶ ሳይሠራ፣ ጎማዎቹን በታኮ ደግፈው፣ በቅድሚያ ከኮምፕሬሰሩ የሚመጣውን አየር የሚቀበለውን ታንክ፣ ቀጥሎ ሌሎቹን፣ በመጨረሻም የተሳቢውን ይክፈቱ። ጥቂት ጠብታ አያሳስብም፤ በየቀኑ ብዙ ውሃ ከወጣ ድራየሩ ደክሟል፣ ወተት የመሰለ ቅባት ከወጣ ደግሞ ኮምፕሬሰሩ ዘይት እየለቀቀ ነው። ማፍሰሻው አውቶማቲክ ቢሆንም በእጅ መፈተሹ አይቀርም።

ተሳቢ ሲፈታ የአየር ቱቦዎቹ ማገናኛ መሬት ላይ አይጣል፤ በማንጠልጠያው ላይ ይሰቀል፣ ዳግም ሲገጠምም ውስጡ የገባ በረዶ ይራገፍ።

ጠዋት ግፊቱ እስኪሞላ ይጠብቁና ፍሬኑን ለቀው፣ የተሳቢውን ጎማዎች በመስታወት እያዩ በዝግታ ይንቀሳቀሱ። የተጣበቀ ጎማ በግግር በረዶ ላይ ድምፅ ሳያሰማ ስለሚንሸራተት ሹፌሩ ሳያውቀው ብዙ መንገድ ሊጎተትና በአንድ ወገኑ ሊበላ ይችላል። ጎማው ካልዞረ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በቀስታ ይሞክሩ፤ እምቢ ካለም መኪናውን በታኮ ደግፈው ታምቡሩን በመዶሻ በስሱ ይምቱት። እሳት ግን ፈጽሞ አያስጠጉ፤ ቱቦው ይቀልጣል፣ ጎማውም ሊፈነዳ ይችላል።

አንዳንዶች በቱቦው ማገናኛ በኩል አልኮል ያፈሳሉ። ለአየር ፍሬን ተብሎ የተዘጋጀውን እንኳ የመኪናው አምራች ካልፈቀደ አይጠቀሙ፤ የቫልቮቹን የላስቲክ ክፍሎች ያደርቃልና። የራዲያተር ፀረ ብርድ ፈሳሽ ደግሞ ጨርሶ ወደ አየር መስመሩ አይገባም።