ከዋንዛ ሳንቃ ባለ ሐረግ ረከቦት በሲኤንሲ ራውተር እንዴት ይሠራል?

ረከቦት ለሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒውተር ትእዛዝ እንጨት ለሚቀርጽ ማሽን) ጥሩ መለማመጃ ነው። ጉድጓድ አለው፣ በጠርዙ ላይ ቅርጽ አለው፣ እግር አለው፤ በአንድ ሥራ ውስጥ ማሽኑ የሚችለው ሁሉ ይሞከራል። ከዚህ በታች ያለው 600 በ400 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ጠርዙ ላይ ሐረግ የተቀረጸበት ረከቦት አሠራር ነው። የማሽኑ የሥራ ሜዳ ቢያንስ 750 በ550 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለላይኛው ክፍል 680 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 95 ስፋትና 25 ውፍረት ያላቸው አምስት የዋንዛ ሳንቃዎች፤ ለእግር ደግሞ 350 በ130 የሆኑ ሁለት ቁራጮች። ነጭ የእንጨት ኮላ፣ ቢያንስ አራት ማጥበቂያ፣ ሲለር (ከቫርኒሽ በፊት የሚቀባ ማሸጊያ)፣ ቫርኒሽ፣ ከቁጥር 120 እስከ 320 የብርጭቆ ወረቀት። ካሊፐር (ከሚሊ ሜትር ያነሰ ልዩነት የሚለይ መለኪያ) ከሌለ ይገዛ፤ በሜትር እየለኩ እግሩን በልኩ ማስገባት አይቻልም።

ቢቶቹ (ማሽኑ ላይ እየታሰሩ እንጨቱን የሚቆርጡት ስለቶች) አራት ናቸው፤ 22 ሚሊ ሜትር የገጽ ማስተካከያ፣ 12 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ፣ 6 ሚሊ ሜትር ባለ ሁለት ምላጭ (ምላጩ 22 ሚሊ ሜትር የሚረዝም)፣ እና ጫፉ ሾጣጣ የሆነ 60 ዲግሪ ቪ ቢት። የትንንሽ ማሽኖች ኢአር 11 ኮሌት (ቢቱን አንገቱ ላይ ጨብጦ የሚይዘው ክፍል) ከ7 ሚሊ ሜትር በላይ አንገት ስለማይዝ፣ ትልልቆቹን ቢቶች አንገታቸው 6 ሚሊ ሜትር የሆነውን መርጦ መግዛት ነው።

እንጨቱን ማዘጋጀት

ዋንዛ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ቀላል፣ ለመቆረጥ የማያስቸግርና ቀለሙ ያማረ ስለሆነ ነው። ነገር ግን ያልደረቀ ዋንዛ ማሽኑ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ይጣመማል። እርጥበቱ ከ12 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል። የእርጥበት መለኪያ የሌለው ሰው ሳንቃውን በሦስት በሦስት ቀን ይመዝነው፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ከክፍሉ አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው።

አምስቱ ሳንቃዎች ጎን ለጎን ሲጣበቁ፣ በጫፋቸው የሚታየው የዕድገት ቀለበት አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች እየተፈራረቀ ይሁን። ኮላው 24 ሰዓት ይቆይ። ከዚያ መላጊያ ማሽን ባለበት ቤት የተጣበቀው ሳንቃ 21 ሚሊ ሜትር፣ የእግሮቹ ቁራጮች ደግሞ 20 ሚሊ ሜትር እስኪሆኑ ይላጉ። በዚህ ላይ የሚቆጠብ ገንዘብ በኋላ በእጥፍ ይከፈላል።

ንድፉ

ማዕከሉን ዜሮ (ልኩ ሁሉ የሚቆጠርበት መነሻ ነጥብ) አድርጎ መሳል ይሻላል፤ ሳንቃው ሲገለበጥ ምክንያቱ ይታያል። ውጫዊው ልክ 600 በ400፣ ጠርዙ 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ መሃሉ 510 በ310 የሆነና 7 ሚሊ ሜትር የሚጠልቅ። የጉድጓዱ ማዕዘኖች በ20 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ይጠምዘዙ፤ ቡና ሲፈስ ለመጥረግ ይመቻል፣ 12 ሚሊ ሜትር ቢትም ያለችግር ይዞራል። ለየሲኒው ክብ ማስቀመጫ የሚቀርጹ አሉ። ያምራል፤ እንግዳ የበዛ ዕለት ግን ሰባተኛው ሲኒ የት ይቀመጥ?

ለሐረጉ ከጥንታዊ ብራናዎች ጌጥ አንዱን ፎቶ አንስቶ ኢንክስኬፕ በተባለው የሥዕል ፕሮግራም መስመር ማውጣት ይቻላል። ፕሮግራሙ በራሱ ያወጣው መስመር በነጥብ የተጨናነቀ ስለሚሆን ነጥቦቹ ይቀነሱ፤ ካልሆነ ማሽኑ በየኩርባው እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል። እያንዳንዱ ቅርጽ የተዘጋ መሆኑም ይረጋገጥ፤ ያልተዘጋ መስመር በቪ ቅርጽ አይሰላም። በጣም ጠባቡ ቦታ ከ1.5 ሚሊ ሜትር አይነስ፤ በጣም ሰፊውም ከ4 አይብለጥ። 60 ዲግሪ ቢት 4 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ መስመር ለመቅረጽ 3.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠልቃል፤ ጥልቀቱ የስፋቱ 0.87 እጥፍ ነው።

እግሮቹ 300 ሚሊ ሜትር የሚረዝሙ፣ 110 ከፍታ ያላቸው ሁለት ጠፍጣፋ ክፍሎች ሲሆኑ ከሥራቸው በቅስት ይቆረጣሉ። ከላያቸው 280 ሚሊ ሜትር የሚረዝም፣ 6 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለ ምላስ ይኖራቸዋል። ምላሱ በሳንቃው ሆድ (በታችኛው ገጹ) ላይ በሚቦረቦር ቦይ ውስጥ ይገባል። የቦዮቹ መሃል ከማዕከሉ ግራና ቀኝ 210 ሚሊ ሜትር ላይ ይሁን። የቦዩ ስፋት እግሩ በካሊፐር ሲለካ ባለው ውፍረት ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር ተጨምሮበት፣ ርዝመቱ 286፣ ጥልቀቱ 6።

ርዝመቱ ከምላሱ የበለጠው በሁለት ምክንያት ነው። ክብ ቢት የውስጥ ማዕዘንን በ90 ዲግሪ መቁረጥ አይችልም፤ 6 ሚሊ ሜትር ቢት የ3 ሚሊ ሜትር ክብ ትቶ ይወጣል። ሁለተኛው፣ ሳንቃው በክረምትና በበጋ በስፋቱ በኩል ያብጣል፣ ይኮማተራል፤ እግሩ ግን እንጨቱ በሌላ አቅጣጫ ስለሚሄድ አብሮት አይንቀሳቀስም። በየጫፉ የቀረው 3 ሚሊ ሜትር ያንን እንቅስቃሴ ይውጠዋል። ከምላሱ ጫፍ አልፎ የሚተርፈው የእግሩ ትከሻ 10 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ክፍተቱ ከውጭ አይታይም።

ሆዱን መጀመር

ሳንቃው ከመቀመጡ በፊት በማሽኑ ወለል ላይ በተነጠፈው የኤምዲኤፍ ሰሌዳ ላይ፣ ከማዕከሉ በርዝመት 320 ሚሊ ሜትር ግራና ቀኝ፣ 6 ሚሊ ሜትር የሚሰፉ 8 ሚሊ ሜትር የሚጠልቁ ሁለት ቀዳዳዎች ይበሱ። ከዚያ ሳንቃው ሆዱ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጥና በአራቱ ማዕዘን በብሎን ይታሰር። የብሎኖቹ ራስ ከገጹ 5 ሚሊ ሜትር ይጥለቅ፤ ብሎን የነካ ቢት ያለቀለት ነው።

በእነዚያው ነጥቦች ላይ ሳንቃው ከላይ እስከ ታች ይበሳ፤ ቀጥሎ ሁለቱ ቦዮች ይቦርቦሩ። ከዚያ ሳንቃው በርዝመቱ መስመር ላይ ይገለበጣል፤ ግራው ግራ ሆኖ ይቀራል። 26 ሚሊ ሜትር የሚረዝሙ የእንጨት ፒኖች በቀዳዳዎቹ በኩል ወደ ሰሌዳው ይገባሉ። ዜሮው ማዕከል ስለሆነ የላዩና የታቹ ሥራ በራሱ ይገጥማል፤ ኤክስና ዋይን (የርዝመቱንና የስፋቱን ዜሮ) እንደገና መፈለግ አያስፈልግም።

ፊቱን መቅረጽ

መጀመሪያ በ22 ሚሊ ሜትር ቢት 620 በ420 የሆነው ቦታ 1 ሚሊ ሜትር ይነሳለት። የዜድ ዜሮ (የከፍታው መነሻ) የሚያዘው ከዚህ በኋላ፣ በተስተካከለው ገጽ ላይ ነው። ይህን የዘለለ ሰው ሐረጉ አንዱ ጫፍ ወፍሮ ሌላው ጫፍ ቀጥኖ ያገኘዋል፤ ገጹ 0.3 ሚሊ ሜትር ከተዛባ የ60 ዲግሪ መስመር በ0.35 ሚሊ ሜትር፣ የ90 ዲግሪ ደግሞ በ0.6 ሚሊ ሜትር ስፋቱን ይለውጣል። ቢት በተቀየረ ቁጥር ዜድ እንደገና ይያዛል፤ አዲሱ ቢት በኮሌቱ ውስጥ እንደ ቀድሞው አይቀመጥም።

ጉድጓዱ በ12 ሚሊ ሜትር ቢት፣ በየዙሩ 2 ሚሊ ሜትር እየወረደ፣ 5 ሚሊ ሜትር እየተሻገረ በደቂቃ 1,800 ሚሊ ሜትር ይቆረጥ። በ6 ሚሊ ሜትር ቢት የሚሠራ ሰው የሚፈጅበት ጊዜ እጥፍ ገደማ ነው። 6 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ ይቁምና ሳንቃው ሳይፈታ ይደር። ከአንድ ወገን ብዙ እንጨት ሲነሳ ታፍኖ የነበረው ውጥረት ይለቀቃል፤ በማግሥቱ የመጨረሻው 1 ሚሊ ሜትር ሲነሳ ወለሉ ቀጥ ብሎ ይቀራል።

ፍጥነቱ ልክ መሆኑን የሚናገረው ፍርፋሪው ነው። ለ6 ሚሊ ሜትር ቢት ስፒንድሉ (ቢቱን የሚያሽከረክረው ሞተር) በደቂቃ 16,000 ዙር፣ ጉዞው 1,900 ሚሊ ሜትር ቢሆን እያንዳንዱ ምላጭ 0.06 ሚሊ ሜትር ያህል ይነክሳል። የሚወጣው ዱቄት ከሆነና እንጨቱ ከጠቆረ፣ ቢቱ እየቆረጠ ሳይሆን እያሸ ነው፤ ጉዞው ይጨመር ወይም ዙሩ ይቀነስ።

ከሐረጉ በፊት ጠርዙ ሲለር ተቀብቶ ይድረቅ። የዋንዛ ጭረት በቪ ቢት ሲነካ ጫፉ ይቦጫጨቃል፤ ሲለሩ ጭረቱን ይይዘዋል። ሐረጉን ማቅለም የሚፈልግም ተጠቃሚ ነው፤ ቀለሙን በቅርጹ ውስጥ ሞልቶ ሲደርቅ ገጹን በቁጥር 220 ቢጠርገው ቀለሙ በመስመሩ ውስጥ ብቻ ይቀራል። ቪ ቢቱ በደቂቃ 1,200 ሚሊ ሜትር ይሂድ።

የውጭ ዙሪያው በ6 ሚሊ ሜትር ቢት በየ3 ሚሊ ሜትሩ ይቆረጥ። ቁራጩ እንዳይፈናጠር 8 ሚሊ ሜትር የሚሰፉ፣ 3 ሚሊ ሜትር የሚወፍሩ ስድስት ማያያዣዎች ይተዉ፤ በኋላ በመሮ ይቆረጣሉ። እግሮቹም እንዲሁ።

መብራት ቢጠፋ

ቢቱ እንጨት ውስጥ እያለ መብራት ሲጠፋ የሚደነግጥ ብዙ ነው። መጀመሪያ የስፒንድሉ ማብሪያ ይዘጋ፤ መብራቱ ድንገት ሲመለስ በራሱ እንዳይነሳ። የመገደቢያ ማብሪያ (የጉዞውን ጫፍ የሚያሳውቅ) ያለውና ጂአርቢኤል በተባለው የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም የሚሠራ ማሽን ወደ መነሻው ሲመለስ በጂ 54 (የሥራውን ዜሮ በሚይዘው ማኅደር) የተያዘውን ዜሮ ያስታውሳል። መገደቢያ ለሌለው ማሽን ፒኖቹ ያድኑታል፤ አንዱ ፒን ይወጣና 6 ሚሊ ሜትር ቀጥ ያለ ዘንግ ኮሌቱ ላይ ታስሮ ወደ ቀዳዳው ይወርዳል፤ ያ ነጥብ ኤክስ 320፣ ዋይ ዜሮ ነው። ዜድ ከተስተካከለው ገጽ እንደገና ይያዝ። ከዚያ የማሽኑ ትእዛዝ የተጻፈበት ፋይል ከቆመበት ጥቂት መስመር ቀደም ብሎ ይጀመራል፤ በፋይሉ መግቢያ ያሉት የሚሊ ሜትርና የፍጹም ልኬት ትእዛዞች፣ እንዲሁም የስፒንድሉ ማስነሻ፣ እንደገና መላክ አለባቸው።

መግጠምና ማጠናቀቅ

በእያንዳንዱ ቦይ ውስጥ ኮላ የሚደረገው በመሃሉ 90 ሚሊ ሜትር ላይ ብቻ ነው። ጫፎቹ በትንሽ የእንጨት መያዣ፣ በሞላላ ቀዳዳ በሚያልፍ ብሎን ይያዙ። ሁሉንም በኮላ የሞላ ሰው ሳንቃው የተሰነጠቀ ዕለት ማሽኑን መውቀስ የለበትም።

ወለሉ በ120፣ በ180፣ በ220 ይሻሽ፤ ሐረጉ ያለበት ጠርዝ ግን በ320 ቀለል ባለ እጅ ብቻ። ቫርኒሹ ሦስት ጊዜ ይቀባ፤ በየመሃሉ በ320 ይነካካ። ለትኩስ ጀበናና ለሚፈስ ቡና ዘይት ብቻውን በቂ አይደለም። የምግብ ኑግ ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ለረጅም ጊዜ ያጣብቃል፣ አቧራም ይሰበስባል። በተልባ ዘይት የተነከረ ጨርቅ ደግሞ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊነድ ይችላል፤ ዘርግቶ ውጭ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ማሽኑ ሲሠራ ጓንት አይለበስም፣ ነጠላም ሆነ ሻርፕ አይደረግም፤ የአቧራ መከላከያ ጭምብል ግን አይወለቅም።