ቤቱ ከመፍረሱ በፊት፦ የድሮ የመኳንንት ቤት እንዴት ይመዘገባል

ያደግኩት ኮርኒስ ላይ በተሳለ ግማሽ አበባ ስር ነው።

ፒያሳ አካባቢ ሰፈርተኛው «የደጃዝማቹ ግቢ» የሚለው ትልቅ ቤት ነበር። ምድር ቤቱ ድንጋይ፣ ፎቁ እንጨትና ጭቃ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ ቤቱ የቀበሌ ሆነ። እልፍኙ በኮምፔርሳቶ ለሦስት ተከፈለና አንዷ ክፍል ለወላጆቼ ደረሰች። ኮምፔርሳቶው የቆመው ልክ በአበባው መሀል ነው። አራቱ ቅጠል እኛ ጋ ቀረ፣ የተረፈው ጎረቤት ጋ። አስራ ሁለት ዓመቴ ላይ ጎረቤታችን ልጇን እንድይዝላት ጠራችኝ። ሕፃኑን አቅፌ ቀና ስል ሌሎቹን አራት ቅጠሎች አየኋቸው። የምንኖርበት ክፍል የአንድ ትልቅ ነገር ቁራጭ መሆኑ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ቤቱ በ2016 ፈረሰ። ከዚያ በፊት በነበሩት አራት ወራት ቅዳሜና እሁድ እየሄድኩ ለካሁት፣ አነሳሁት፣ ነዋሪውን ጠየቅኩ። አርክቴክት አይደለሁም። እናንተም መሆን አይጠበቅባችሁም። ሰፈራችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ከቆመ ግን ዛሬውኑ ጀምሩ። በሩ ላይ የቀይ ቀለም ምልክት ከታየ በኋላ ሰው ዕቃ ሲያስር ነው የምታገኙት፣ የሚያወራችሁም የለም።

መጀመሪያ ዓይናችሁን አስለምዱ

የተቆራረጠ ቤት ከማየታችሁ በፊት ያልተቆራረጠ እዩ። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የአዲስ አበባ ሙዚየም የጦር ሚኒስትር የነበሩት የራስ ብሩ መኖሪያ ነበር። ኤግዚቢሽኑን ለሌላ ቀን አቆዩትና ቤቱን ራሱን ተመልከቱ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ እንዲህ ጉብታ ጉብታውን እየያዙ ሰፈሩ። አሽከሩና ወታደሩ ደግሞ ዙሪያቸውን ጎጆ ቀለሰ። «ሰፈር» የምንለው ቃል ከዚያ የመጣ ነው፤ ደጃች ውቤ ሰፈርም ራስ ካሳ ሰፈርም መጀመሪያ የጦር ሰፈር ናቸው። ስለዚህ የቤቱን ባለቤት ስትፈልጉ ከሰፈሩ ስም ጀምሩ።

ጉለሌ ደግሞ የቤኒሻንጉሉ ገዢ የሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ቤት አለ። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከእነዚህ በጣም ይበልጣል፤ ዕድሜውም ያንሳል። የአፄ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ቤት ግን እንዳለ ስለተቀመጠ አንድ እልፍኝ ሙሉውን ሲሆን ምን እንደሚመስል እዚያ ታያላችሁ።

የመኳንንት ቤትና የነጋዴ ቤት አይምታታባችሁ። የመኳንንት ቤት ግቢው መሀል ይቆማል፣ ከመንገድ ይርቃል፣ ግብር የሚበላበት አዳራሽ አለው ወይም ነበረው። የነጋዴ ቤት ፊቱ ወደ መንገድ ነው። እንደ ፒያሳው የሕንዳዊ ነጋዴ የመሐመድ አሊ ቤት፣ ንግዱና ኑሮው ጎን ለጎን ናቸው።

ባዶ እጃችሁን አትግቡ፣ ሜትርም ይዛችሁ አትግቡ

የመጀመሪያው ስህተቴ ይኼ ነው። ተወልጄ ያደግኩበት ግቢ ስለሆነ ማንም የሚደነግጥ አልመሰለኝም። ቦርሳዬን ከፍቼ ሜትር ሳወጣ ደረጃው ላይ ሽሮ ሲነፉ የነበሩ እናት ወንፊቱን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ሊያስነሱን ነው?» አሉኝ። ያን ቀን ምንም አልለካሁም። ከተማችን ውስጥ ቤት የሚለካ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀን ግማሽ ኪሎ ቡና ይዛችሁ ሂዱ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጥሩ ሰዓት ነው። ግቢው ውስጥ ብዙ ዓመት የኖሩትን እማማ ወይም አባባ ጠይቃችሁ ለዩና በእሳቸው በኩል ግቡ። ለምን እንደመጣችሁ በግልጽ ንገሯቸው፦ ከወረዳ አይደለሁም፣ ቤቱ ምን ይመስል እንደነበር ለልጆች እንዲቀር ነው። ፎቶ ለማንሳት ክፍል ክፍሉን ፈቃድ ጠይቁ። አንዱ እሺ አለ ማለት ሁሉም እሺ አለ ማለት አይደለም። ያልተነጠፈ አልጋ፣ የታመመ ሰው፣ የተሰጣ ልብስ አታንሱ። ሜትሩ በሦስተኛው ቀን ይደርሳል።

ከውጭ ወደ ውስጥ

ራቅ ብላችሁ ቁሙና ጣሪያውን እዩ። ቆርቆሮው ስንት ቦታ ይሰበራል? አናቱ ላይ መስኮት ያላት ትንሽ ማማ አለች? ቀጥሎ ክፈፉ ስር እዩ። ብዙ ጊዜ እንደ ቀሚስ ጥልፍ የተፈለፈለ ጣውላ ታገኛላችሁ። ከአድዋ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ግንበኞችና አናጢዎች ሠርተዋል፤ በሰገነት የተከበበው ቤትም ከእነሱ እጅና ከአገሬው አናጢ እጅ አብሮ የወጣ ነው። የእኛ ቤት ጣውላ ላይ ልብ የሚመስል ቅርጽ ተደርድሮ ነበር። አንድ ጎን ላይ ልቦቹ ተገልብጠዋል። በእድሳት ጊዜ ይሁን ወይስ ሲሠራ አናጢው ተሳስቶ፣ ዛሬም አስባለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ሳታስተካክሉ እንዳለ ሳሉት።

ዕድሜውን ለመገመት የሚረዳ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመሀል የተሠራ ቤት ቆርቆሮውም መስታወቱም ቀሪውን መንገድ በግመልና በበቅሎ ጀርባ ነው የመጣው። የድሮዎቹ መስኮቶች በትናንሽ መስታወት የተከፋፈሉት ለዚህም ይመስለኛል። ይህ ግምት ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ማስታወሻችሁ ላይ ያያችሁትንና የገመታችሁትን በተለያየ ቀለም ጻፉ።

ውስጥ ስትገቡ ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፦ የትኛው ግድግዳ የድሮ ነው? ውፍረቱን ለኩ። የእኛ ቤት የምድር ቤቱ ግንብ 60 ሳንቲ ሜትር ነበር፣ የፎቁ የጭቃ ግድግዳ 25 ያህል፣ ኮምፔርሳቶው ግን የጣት ውፍረት አይሞላም። በጣታችሁ አንኳኩ፤ የድሮው ዝም ይላል፣ አዲሱ ይጮኻል። ወለሉንም እዩ። ሳንቃው ግድግዳው ስር አልፎ ወደ ጎረቤት ከቀጠለ ግድግዳው በኋላ የመጣ ነው። ኮርኒሱም እንደዚያው። ግማሽ አበባ ካያችሁ ሌላኛውን ግማሽ ፍለጋ ሂዱ።

ምርጊቱ የተላጠበት ቦታ ካለ ትልቅ ዕድል ነው። ራሳችሁ ግን አትላጡ። የእኛ በር ጥግ ላይ ከላይ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ነበር፣ እናቴ የቀባችው። ከሱ ስር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ስር ኖራ፣ ከኖራው ስር ጭድ ያለበት ጭቃ። እዚያ ጭቃ ውስጥ የአንድ ሰው አራት ጣት ታትሞ ቀርቷል። የመረገው ሰው ጣት ነው። እጄን አስገብቼ ለካሁት፤ የእኔን ያህል ትንሽ እጅ ነበር። ቤት ሲሠራ ጭቃ የሚያቦካው፣ ውኃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ አስቡ። ሴት ወይም ልጅ ነበር ብዬ አምናለሁ። ከቤቱ ሁሉ የሚቆጨኝ ያ አሻራ ነው። ፎቶውን ያነሳሁት አጠገቡ እስክሪብቶ አስደግፌ ነው። እናንተም ዝርዝር ስታነሱ እስክሪብቶ ወይም የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ፣ መጠኑ ይታወቃል።

ንድፉን መሳል

ባለ ካሬ ደብተር በቂ ነው። አንዷን ካሬ ግማሽ ሜትር አድርጉ። ከደረጃው ጀምሩ፤ ደረጃ ቦታውን አይቀይርም። እያንዳንዱን ክፍል አራቱንም ጎን ለኩና ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፉንም ጨምሩ። የድሮ ቤት ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ሰያፉ ካልተለካ ክፍሎቹ ወረቀት ላይ አይገጣጠሙም። እኔ ሁለት ቅዳሜ ያጣሁት በዚህ ነው። የድሮውን ግድግዳ ደማቅ፣ የኋላውን በነጠብጣብ ሳሉት። የደረጃው እንጨት የበሰበሰ ከሆነ ጠርዝ ጠርዙን፣ ደረጃውን የሚሸከመው እንጨት ያለበትን ይዛችሁ ውጡ። ለብርሃን ባትሪ ያዙ፣ ሻማ በጭራሽ። ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ሲቃጠል ያየ ሰው የመቶ ዓመት እንጨት እንዴት እንደሚነድ ያውቃል።

ምን ብለን እንጠይቅ?

«ቤቱ መቼ ተሠራ?» ብላችሁ ብትጠይቁ «ከጣሊያን በፊት» ይሏችኋል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። የሚያውቁትን ጠይቁ። እርስዎ ሲገቡ ይህ ክፍል ምን ነበር? ውኃ ከየት ነበር የሚቀዳው? የተዘጋ በር ነበር? ኮምፔርሳቶውን ያቆመው አናጢ ማን ነበር? ዓመቱን በነገር አስታውሷቸው፦ አብዮቱ ሲፈነዳ፣ ኢሕአዴግ ሲገባ፣ የመጀመሪያ ልጅዎ ሲወለድ። «ጓዳ» የሚሉትን «ኪችን» ብላችሁ አትጻፉ። የሚጠሩበት ስም ራሱ መረጃ ነው። ያኔ ሦስት ቤተሰብ ይኖርበት የነበረውን ክፍል አንዲት እናት «አዳራሹ» ይሉት ነበር። ግብሩ የት ይበላ እንደነበር ያወቅኩት በዚህች አንድ ቃል ነው። ሄጄ ስለካው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 14 ሜትር ሆነ።

ከዚያ በኋላ

ፎቶዎቹን በክፍል በክፍል ለዩ፣ የተነሱበትን ቀን ጻፉ፣ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። አንድ ቅጂ ለግቢው ሰዎች አትማችሁ ስጡ፤ ደስታቸውን ታዩታላችሁ። ሌላውን ይዛችሁ ወደ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሂዱና ቤቱ የቅርስ መዝገብ ውስጥ መኖሩን ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስነት የተመዘገበን ቤት ማደስም ሆነ ከቦታው ማንሳት ፈቃድ ይጠይቃል። ካልተመዘገበ ንድፋችሁንና ፎቶዎቹን አያይዛችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፣ ገቢ የተደረገበትን ቁጥርም ሳትቀበሉ አትውጡ። እኔ ያመለከትኩት ዘግይቼ ነው።

የእኔ ንድፍ ላይ ከደረጃው በስተግራ አንድ ክፍል ባዶ ነው። እዚያ ይኖሩ የነበሩት አዛውንት ሰው እንዲቀርባቸው ብዙ አይወዱም ነበር። በየሳምንቱ በራቸው ጋ ደርሼ አፍሬ እመለስ ነበር፣ «በሚቀጥለው ቅዳሜ» እያልኩ። አሁን የግቢው ሰዎች በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። ስልካቸውን እያፈላለግኩ ስለዚያች ክፍል ኮርኒስ እጠይቃለሁ። አንዷ ወፍ ነበረበት አለችኝ። ወንድሟ ደግሞ የለም፣ እንደናንተው አበባ ነው አለ። ሁለቱንም በእርሳስ ጽፌአቸዋለሁ።