ከጤና ጣቢያ የራቁ ሰዎችን በቴሌግራምና በዋትስአፕ እንዴት ማጥናት ይቻላል?

እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ የተባሉ ትኩሳት የሚያስይዙ በሽታዎች ድሬዳዋ ውስጥ ተቀስቅሰው ነበር። ሁለቱን የምታስተላልፈው ትንኝ በየቤቱ በበርሜል በሚጠራቀም ውኃ ስለምትራባ፣ የበሽታውን አካሄድ ለመረዳት ስለ በርሜሉ፣ ትኩሳት የያዘው ሰውም ምን እንደሚያደርግ መጠየቅ ግድ ይላል። ጂቡቲ ድንበር ላይ ባለችው በደወሌ መስመር የሚመላለስ ሹፌር፣ የቀን ሠራተኛና የቤት ሠራተኛ ቤት ለቤት ለሚዞር መጠይቅ እምብዛም አይገኙም፤ በስልክ ግን ብዙዎቹ ይገኛሉ።

መጀመሪያ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይወሰዳል፤ ስምምነቱ በድምፅ መልእክት የሚሰጥ ከሆነ ይህ በማመልከቻው ላይ ይጻፍ። ቀጥሎ ለጥናቱ ብቻ የሚያገለግል ስልክና ሲም ካርድ ይዘጋጃል። በግል ስልክ መሥራት ወጪ የሚቀንስ ቢመስልም የተሳታፊዎችን ድምፅ ከቤተሰብ ፎቶ ጋር ያቀላቅላል።

ሰዎችን ለማግኘት የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና የመኪና ተራ አስከባሪዎች ይረዳሉ። ይሁን እንጂ የማንንም ቁጥር ከእነርሱ መቀበል አይገባም፤ የጥናቱን ቁጥር የያዘ ወረቀት ያድሉና ፈቃደኛ የሆነው ሰው ራሱ ወደ ቁጥሩ መልእክት ይላክ። እንዲህ ከሆነ ማን እንደተሳተፈ ወረቀቱን ያደለው ሰው እንኳ አያውቅም።

ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው ግሩፕ ሲከፈት ነው። በዋትስአፕ ግሩፕ አባላት አንዱ የሌላውን ቁጥር ያያሉ። ቴሌግራም ቁጥር መደበቂያ ቢኖረውም፣ ቁጥሩን አስቀድሞ የመዘገበ ጎረቤት ሰውየውን በስሙ ሊያገኘው ይችላል። ለምሳሌ በድሬዳዋው ከፊራ ገበያ ጎን ለጎን የሚነግዱ ሁለት ሴቶች በኤችአይቪ ጥናት ግሩፕ ውስጥ ቢተያዩ የሚደርሰውን ጉዳት ምንም ይቅርታ አይመልሰውም። ማስታወቂያ ለማስተላለፍ ተመዝጋቢዎች እርስ በርስ የማይተያዩበት የቴሌግራም ቻናል ይበቃል፤ ጥያቄና መልሱ ለየብቻ ይሁን።

ለየብቻ ሲባልም ስልኩ የአንድ ሰው ብቻ ላይሆን ይችላል። ቤተሰቡ በአንድ ስልክ በሚጠቀምበት ቤት፣ በተቆለፈው ስልክ ላይ ብቅ የምትለው የመልእክቱ መነሻ ብቻዋን ብዙ ትናገራለች። ስለዚህ የመጀመሪያው መልእክት የበሽታ ስም አይጥራ፤ «እንዴት ዋሉ? አሁን ለማውራት ይመችዎታል?» ብሎ መልስ መጠበቅ ይሻላል። ጥያቄው በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ ወይም በአማርኛ፣ ተሳታፊው በመረጠው ቋንቋ፣ አጠር ባለ ድምፅ ይላክ። ስልኩን ጆሮ ላይ ሲያስጠጉት ድምፁ ከስፒከር ወጥቶ መሰማቱን አቁሞ እንደ ስልክ ጥሪ ለአድማጩ ብቻ እንደሚሰማ አስቀድሞ ማሳየት ይገባል፤ በተለይ ከሰዓት በኋላ፣ በርጫ (ጫት መቃሚያ) ላይ ሰው በተሰበሰበበት ሰዓት።

የበርሜል ፎቶ የሚያስፈልግ ከሆነ በተራ ፎቶነት ይላክ፤ በፋይልነት የተላከ ምስል የተነሳበትን ቦታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የዳታ ወጪን ለመተካት ካርድ መሙላት ከቴሌብር ይሻላል፤ ቴሌብር የተቀባዩን ስም ያሳያልና። ደወሌን ተሻግሮ ጂቡቲ የገባ ሹፌር መልእክቱን እስኪመለስ ላያየው ይችላል። በዋትስአፕ አንድ ምልክት ብቻ ከታየ ገና አልደረሰውም ማለት ስለሆነ መወትወት ትርፍ የለውም።

ድምፅ ራሱ ማንነትን ይገልጻል። መልሱ በስም ፋንታ በኮድ ወደ ጽሑፍ ከተገለበጠና ከተመሳከረ በኋላ ድምፁ ኮሚቴው በፈቀደው ጊዜ ይጥፋ፤ ቴሌግራም ላይም ከሁለቱም ወገን እንዲጠፋ የሚያደርገው አማራጭ ይመረጥ። በሪፖርቱ ውስጥ ደግሞ ስማርት ስልክ የሌላቸው ሰዎች እንዳልተካተቱ ይገለጽ፤ ከመካከላቸውም ለትንኝ ይበልጥ የተጋለጡ ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ ውጤቱን የመላው ከተማ አድርጎ ማቅረብ አይቻልም።