ለችሎት ሴት ጠበቆች፦ በሥራ የሚጸና ቡድን አመሠራረት

የካቲት 29፣ የሴቶች ቀን፣ ሲደርስ አዳራሽ ይያዛል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ስልክ ቁጥር ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ እስከ ቀጣዩ ዓመት መፈላለግ የለም። በጥብቅና ሙያ ግን አንዲት ጠበቃ ለሌላዋ ደንበኛ የምትልከው ወይም ለኮሚቴ የምትጠቁማት ስትከራከር አይታት ከሆነ ነው። እያንዳንዷ በራሷ መዝገብ ስለምትሯሯጥ ደግሞ የባልደረባዋን ክርክር የማየት ዕድሏ ጠባብ ነው። ከዚህ በታች ያለው ይህን ዕድል ሆን ብሎ የሚፈጥር አነስተኛ ቡድን የሚቋቋምበት መንገድ ነው።

አባላትን መምረጥ

ከ8 እስከ 12 ጠበቆች ይበቃሉ። ከ6 በታች ስትሆኑ ሁለቱ ቀጠሮ ካላቸውና አንዷ ከታመመች ስብሰባው ተበተነ ማለት ነው። ከ12 ስትበልጡ ደግሞ ተራ የማይደርሳት ይኖራል፤ ተራ ያልደረሳት በሦስተኛው ወር ትቀራለች። ከ10 ዓመት በላይ የሠሩ ሁለት ወይም ሦስት፣ መካከለኛ ልምድ ያላቸው አራት ወይም አምስት፣ የቀሩት ፈቃድ በቅርቡ ያወጡ ይሁኑ። የሥራ ዘርፋቸውም ይለያይ፦ ወንጀል፣ ቤተሰብ፣ ሥራ ክርክር፣ ንግድ፣ ቤትና ይዞታ። ሁሉም የቤተሰብ ጉዳይ የሚይዙ ከሆነ ተፎካካሪዎች እንጂ ደንበኛ የሚላላኩ ባልደረቦች አይሆኑም። የአንድ ዩኒቨርሲቲ የአንድ ዓመት ምሩቃን ብቻ መሰብሰብም ቀላል ነው፤ ነገር ግን የሚያውቋቸው ሰዎች ያው ስለሆኑ አዲስ በር አይከፈትም።

ሴት ዳኞችን በአባልነት አታስገቡ። በአንድ ዳኛ ፊት የሚቆሙ ጠበቆች ከዚያች ዳኛ ጋር በየወሩ ምሳ ቢበሉ ተቃራኒው ወገን ዳኛዋ ከችሎት ትነሣ የሚል አቤቱታ የሚያቀርብበት ምክንያት ራሳችሁ ሰጣችሁት። ለግልጽ ሥልጠና ጋብዟቸው፣ በሂደት ላይ ያለ መዝገብ አይነሣ።

መቼ መገናኘት

ከ12 ሰዓት በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ልጅ ያላትን ሁሉ ያስቀራል። ቅዳሜም ልቅሶና ሠርግ ይሻማዋል። ከሁሉ የሚመቸው የዓርብ ምሳ ሰዓት ነው፤ የጠዋቱ ሥራ 5:30 ስለሚያበቃና ከሰዓት 7:30 ስለሚጀመር ሁለት ሰዓት ይገኛል። ጁምዓ የሚሰግዱ አባላት ካሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቀኑ ጾም ስለሆነም በየዓይነቱ ቀድሞ ይታዘዝ፤ ሜኑ በመምረጥ 20 ደቂቃ ይባክናል። ቦታው ፍርድ ቤቱ አጠገብ ይሁን፤ ብዙዎቹ ቀጠሮ ያላቸው ልደታ ከሆነ ቦሌ ላይ ካፌ መምረጥ ትርጉም የለውም። በወር አንድ ጊዜ በቂ ነው። ነሐሴና መስከረም ችሎት ስለሚቀዘቅዝ የዓመቱን ዕቅድ ለማውጣት ተጠቀሙበት።

ቀጠሮ መሸፈን

የቡድኑ ዋና ሥራ አንዷ በሌላዋ ቀጠሮ ተተክታ መቅረቧ ነው። ለብቻዋ የምትሠራ ጠበቃ ስትወልድ፣ ልጅ ሲታመምባት ወይም ሁለት ቀጠሮ በአንድ ሰዓት ሲጋጭባት የሚቆምላት የለም። ከሳሽን ወክላ ቀርታ ተከሳሽ ከቀረበና ካላመነ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 73 መሠረት ክሱ ይዘጋል፤ ለማስከፈት በቂ ምክንያት ይዞ በአንድ ወር ውስጥ ማመልከት ነው። ተከሳሽን ወክላ ከሆነ ክርክሩ በሌለበት ይቀጥላል። ደንበኛው ይህን አይረሳም፣ ለሰውም ያወራል።

መሸፈን የሚቻለው ግን ውክልናው ከፈቀደ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2215 ተወካይ ሥራውን ራሱ መሥራት አለበት፤ ሌላ ሰው መተካት የሚችለው ወካዩ ሲፈቅድለት ነው። ስለዚህ ደንበኛ ሰነዶች ማረጋገጫ ከመሄዱ በፊት ረቂቁ ላይ ሁለት ነገር ይግባ፦ የሁለት ጠበቆች ስም «በአንድነትም ሆነ በተናጠል» ከሚል ቃል ጋር፣ እንዲሁም ሌላ ጠበቃ የመወከል ሥልጣን። «በተናጠል» የሚለው ከተዘለለ አንዷ ብቻዋን ስትቀርብ ተቃራኒው ወገን መከራከሪያ ያገኛል። ደንበኛው የሁለተኛዋን ስም ለምን እንደሚያይ አስቀድሞ ይነገረው፤ ያለዚያ ጉዳዩ የተሸጠበት ይመስለዋል። መዝገቡ ክልል ፍርድ ቤት ከሆነ ተተኪዋ የክልሉ ፈቃድ ያላት መሆኗ ይጣራ።

የርክክብ ወረቀቱ አንድ ገጽ ይሁን፦ የመዝገብ ቁጥር፣ ችሎቱ፣ ቀጠሮው ለምን እንደተያዘ፣ የመጨረሻው ትዕዛዝ ቃል በቃል፣ የደንበኛው ስልክ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ይህን አትስማሚ» የሚል አንድ መስመር። በሽፈና የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ተተኪዋ ሳታውቅ ለተቃራኒው ወገን ተጨማሪ ምስክር ትስማማለች ወይም መቃወሚያ ሳታነሣ ታልፋለች። ወረቀቱ ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን እስከ 10 ሰዓት ይድረሳት። የችሎቱን ውሎ ደግሞ ተተኪዋ ከአዳራሹ እንደወጣች በቴሌግራም ትጻፍ፤ ማታ ሲጻፍ የዳኛው ቃል ተለውጦ ይገኛል።

ለአንድ ቀጠሮ ሽፈና ገንዘብ አይጠየቅ፣ ይመዝገብ እንጂ። አንዷ አምስት ጊዜ ሸፍና አንድም ካልተሸፈነላት ማኩረፏ አይቀርም፤ መዝገቡ ነገሩን ሳይጎመዝዝ ያሳያል። ሽፈናው ወደ ሙሉ ሥራ ከተለወጠ የአበል ክፍፍል በጽሑፍ ይሁን፣ በሠራችው ሥራ ልክ። ደንበኛ ስለላከች ብቻ የሚከፈል ኮሚሽን በሥነ ምግባር የሚያስጠይቅ ነውና ከጅምሩ ይከልከል።

መስቀለኛ ጥያቄ መለማመድ

ከዓርቡ ሁለት ሰዓት አንዱን ተቃራኒው ወገን ያቀረበውን ምስክር መጠየቅ ለመለማመድ ስጡ። ከተዘጋ መዝገብ የምስክር ቃል ይወሰድ፣ ስምና አድራሻ ይፋቅ፣ ከሦስት ቀን በፊት ይላክ። አንዷ ምስክር፣ አንዷ ዳኛ፣ አንዷ ተቃራኒ ጠበቃ ትሁን። ጠያቂዋ 10 ደቂቃ፣ አስተያየት 5 ደቂቃ፤ በዚህ መጠን በአንድ ቀን አራት ሰው ይለማመዳል።

ለምሳሌ ምስክሩ ተከሳሹን በሌሊት እንዳየ ተናግሯል። ብዙ ጀማሪ «በጨለማ እንዴት ለዩት?» ብላ ትጠይቃለች፤ ምስክሩም ጉርብትናቸውን፣ ድምፁን፣ ጃኬቱን እየዘረዘረ ቃሉን ያጠናክራል። በመስቀለኛ ጥያቄ መሪ ጥያቄ፣ ማለትም መልሱን በራሱ የሚጠቁም ጥያቄ፣ የተፈቀደ ነውና እንዲህ ይሂድ፦

«ሰዓቱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነበር፤ አይደለም?»
«የመንገዱ መብራት አይሠራም ነበር?»
«እርስዎ የቆሙት ከመንገዱ ማዶ ነው?»
«በመካከል ሚኒባስ ቆሞ ነበር?»

እዚህ ላይ መቀመጥ ነው። «ታዲያ እንዴት አዩት?» የምትለዋ አምስተኛ ጥያቄ አራቱን ታፈርሳለች። ድምዳሜው ለማጠቃለያ ክርክር ይቆይ። ምስክሩ አዎ እንደሚል የማይታወቅበት ጥያቄ ካለም ቀድሞ ከዝርዝሩ ይውጣ። አስተያየት ሰጪዎች «ጥሩ ነበር» ማለት አይፈቀድላቸው፤ አንድ ጥያቄ ቃል በቃል ጠቅሰው እንዴት ቢጠየቅ ይሻል እንደነበር ይናገሩ።

ዳኛ የሆነችው ሦስት ጊዜ ታቋርጥ። ተቃራኒ ጠበቃዋም አንዴ «እህቴ፣ ረጋ በይ» ትበል፤ ችሎት ላይ የሚያጋጥም ስለሆነ መልሱ አፍ ላይ መልመድ አለበት። እንዲህ ላለ ጠበቃ መልስ መስጠት ስህተት ነው፤ ሁለት ጠበቃ ተጣላ ተብሎ ሁለቱም ይገሠጻሉ። ፊትን ወደ ችሎቱ አዙሮ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ጥያቄዬን እንድጨርስ ይፈቀድልኝ» ማለትና ያንኑ ጥያቄ ሳይለውጡ በዝግታ መድገም ይበቃል።

ምስጢርና የጥቅም ግጭት

ማንኛዋም ስለ ጉዳይዋ ከማውራቷ በፊት የተከራካሪዎቹን ስም ብቻ ትናገር። በተቃራኒ ወገን ያለች አባል ካለች ጉዳዩ በቡድኑ ፈጽሞ አይነሣ፤ እሷ ወጥታ ሌሎቹ ይወያዩ የሚለው መፍትሔ አይደለም። የደንበኛ ሰነድም በቴሌግራም ግሩፕ አይለጠፍ።

ወደ አመራር መውጣት

አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን አቋቁሟል፤ ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩም ፈቅዷል። በሁለቱም በኩል ወንበር አለ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሹመዋል፤ በመካከል የነበረው የዓመታት ሥራ ነው።

ለሥራ አመራር ወንበር ከመወዳደር በፊት ኮሚቴ ይግቡ፣ በተለይ ረቂቅ ሕግ ላይ አስተያየት የሚያዘጋጅ ወይም ሥልጠና የሚያቀናጅ። ከእነዚህ በስማችሁ የሚቀር ጽሑፍ ይወጣል። ሻይ ቡና የሚያስተናግድ ኮሚቴ ላይ ሲመድቧችሁ አመስግናችሁ ሌላ ጠይቁ። ምርጫ ሲቃረብ ከሦስት ወር በፊት አንድ ዕጩ ላይ ተስማሙ፤ ለአንድ ወንበር ሁለት ሴት ማቅረብ ድምፅ መክፈል ነው። ጠቋሚዋ «ጎበዝ ናት» ከማለት መሠረታዊ የሕግ ስህተት በሚታረምበት በሰበር ችሎት የተከራከረችበትን መዝገብ ትጥቀስ።

አሠልጣኝ ወይም የሬዲዮ እንግዳ እንድትሆን ተጠይቃ የማይመቻት አባል እምቢ ብላ ብቻ አትዝጋ፤ የሁለት ሴቶችን ስም፣ በየስሙ ሥር የሚችሉትን አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋ ትላክ።

ሰብሳቢነት በየስድስት ወሩ ይዙር፣ ጀማሪዋም ይድረሳት። ሦስት ጊዜ ሳታስታውቅ የቀረች አባል በስልክ ትጠየቅ፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሰዓቱ ነው፣ ይስተካከላል። ቁጥራችሁ 13 ሲደርስ ነባሮቹ ተከፋፍለው በሁለት ቡድን ይቀጥሉ፤ የሽፈና መዝገቡ ግን ለሁለቱም አንድ ይሁን።