መብራት ሲመጣ የሚሞቱ ዓሦች፦ የኦስካርና የጃጓር አርቢ ችግርና መፍትሄ

ኦስካርና ጃጓር በመስታወት ገንዳ የሚረቡ ትልልቅ ሥጋ በል ዓሦች ናቸው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሲሞቱ ምልክቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ያድራል። ጠዋት ዓሦቹ ቀለማቸው ደብዝዞም ቢሆን በሕይወት ይገኛሉ። መብራት ይመጣል፣ የውሃ ማጣሪያው ይነሣል፣ ባለቤቱም እፎይ ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ማታ ሲመለስ ትልልቆቹ አፋቸውን ከፍተው፣ ስንጥባቸው ተገልጦ ተንሳፍፈዋል። ትንንሾቹ አንዳንዴ ይተርፋሉ።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የኤሌክትሪክ ኃይሉን መዋዠቅ ነው። እኔ ግን የማጣሪያውን ክዳን ከፍቼ አሸታለሁ። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተኝ ሌላ ምርመራ አያስፈልገኝም።

ምክንያቱ ከገንዳው ሥር ካቢኔ ውስጥ የሚቀመጠው፣ ክዳኑ የታሸገው ማጣሪያ ነው። በስፖንጁ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን መርዝ፣ አሞኒያን፣ የሚያከሽፉት ኦክስጅን እየተጠቀሙ ነው። ውሃው መዞሩን ሲያቆም ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ቶሎ ይጨርሱታል፤ ከዚያ እነሱ ይዳከማሉ፣ ይሞታሉም፤ የተጠራቀመው ቆሻሻ መበስበሱን ይቀጥላል። ሥጋ በል ዓሣ ብዙ ፕሮቲን ስለሚበላ ማጣሪያው ከብዙ ዓሦች ማጣሪያ ይበልጥ በቆሻሻ የተሞላ ነው። መብራት ሲመጣ ያ ሁሉ መርዝ በአንድ ጊዜ፣ ሌሊቱን አየር አጥሮት ባደረ ዓሣ ላይ ይለቀቃል።

የውጭ አገር መመሪያ ይዛችሁ "ይህን ያህል ሰዓት ይቋቋማል" አትበሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በ27 ዲግሪ ሙቀት፣ በባሕር ዳርቻ ከተማ በሊትር 8 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን የሚይዝ ውሃ እዚህ የሚይዘው 6 ገደማ ነው። የእኛ ዓሦች የሚነሡት ከተቀነሰ ስንቅ ላይ ነው።

አንድ ወዳጄ ለአራት ዓመት ያሳደጋቸው የጃጓር ጥንዶች ነበሩት፤ ሁለት ጊዜ ጫጩት አውጥተዋል። መብራት ከምሽቱ 2 ሰዓት ጠፍቶ ከማለዳው 1 ሰዓት መጣ። እኩለ ሌሊት ድረስ አጠገባቸው ተቀምጦ ውሃውን በጣሳ እየቀዳ ሲመልስ ነበር። ያን ሁሉ ደክሞ ማለዳ ላይ ማጣሪያው በራሱ ሲነሣ ተኝቶ ነበር፤ ሁለቱም ሞቱ። አንድ ሆቴል ውስጥ ደግሞ ጀነሬተር አለ ተብዬ ስሄድ፣ የአኳሪየሙ ሶኬት ከጀነሬተሩ መስመር ጋር አልተገናኘም። የእንግዳ መቀበያው አምፖል ሁሉ እየበራ ስድስት ኦስካሮች አለቁ። ይህን የሠራውን ኤሌክትሪሺያን ዛሬም ባገኘው እጠይቀዋለሁ።

መፍትሄው የሚጀምረው መብራቱ ከጠፋበት ደቂቃ ነው፦ የማጣሪያውን ሶኬት ንቀሉ። አሁኑኑ፣ ከሻማውም በፊት፤ መብራት የሚመለስበትን ሰዓት የሚነግራችሁ የለም። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አስገቡ። ስትገዙት ሱቁ ውስጥ ሳይሆን ቤታችሁ ሌሊቱን ሙሉ አስነሥታችሁ ሞክሩት፤ እኔ የገዛሁት አንዱ 40 ደቂቃ እንኳ አልቆየም። ገንዳውን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ጠቅልሉ፣ ከላይ ግን አየር እንዲገባ ክፍት ተዉት። ምግብ አትስጡ። የፈላ ውሃ በፍጹም አትጨምሩ።

ሲመጣስ? ከ2 ሰዓት በላይ ጠፍቶ ከቆየ ማጣሪያውን ክፈቱና ውስጡ ያለውን ውሃ በሙሉ ድፉ። ስፖንጁን ሳፋ ውስጥ፣ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ እጠቡት። በቧንቧ ውሃ አትጠቡ! ከሌሊቱ የተረፈውን ባክቴሪያ ክሎሪኑ ይጨርስላችኋል። ከዚያ አስነሡና የገንዳውን ውሃ ሲሶ ቀይሩ። አዲሱ ውሃ ሙቀቱ እኩል፣ ክሎሪኑ በሶዲየም ታዮሰልፌት የጠፋ ይሁን። ሁለት ቀን አታብሉ፤ ለአንድ ሳምንት አሞኒያውን በየቀኑ ለኩ። መርዙ አስቀድሞ ከተለቀቀ ግን ማጣሪያውን አቁማችሁ ግማሹን ውሃ ወዲያው ቀይሩ፣ አየሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱ።

ለዘለቄታው ገንዳው ውስጥ በአየር ፓምፕ የሚሠራ ትልቅ የስፖንጅ ማጣሪያ ጨምሩ። ርካሽ ነው፤ ስላልታሸገም እንደዚያኛው ቶሎ አይታፈንም።

ሌሎቹን በአጭሩ። ጭንቅላቱ ላይ ትንንሽ ጉድጓድ ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቆየ ውሃና አንድ ዓይነት ምግብ ነው፤ መድኃኒት ከመፈለጋችሁ በፊት በየሳምንቱ ግማሹን ውሃ ቀይሩ። ዓሣው ከተቀቀለ ማሞቂያው ሳይጠፋ ተጣብቆ ቀርቷል፤ ባለ 300 ዋት አንድ ከምትገዙ ባለ 150 ሁለት ግዙ። ቅርፊቱ ቆሞ ሆዱ ካበጠ ለይታችሁ አስቀምጡት፣ ብዙ ተስፋ ግን አታድርጉ። ጎልድፊሽ በሕይወቱ እየጣላችሁ የምታበሉ ሰዎች ተዉ፤ ሥጋው ውስጥ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ነገር አለ፣ በሽታም ይዞ ይገባል።

ኦስካራችሁ በተደጋጋሚ እንቁላል ጥላ ሁሉም ነጭ ሆኖ ካልተፈለፈለ፣ ጥንዶቹ ሁለቱም ሴት ሊሆኑ ይችላሉ። በመልክ አይለዩም፤ በመራቢያ ወቅት ከሆዳቸው ሥር የምትወጣው ቧንቧ የወንዱ ቀጭንና ሹል፣ የሴቷ ሰፊና ደንዳና ናት።

የጃጓር ወንድ ሴቷን ጥግ ይዞ ክንፏን ከቆራረጠው "ይለምዳሉ" ብላችሁ አትጠብቁ፤ እስከ ማታ ይገድላታል። እሷ ገና አልደረሰችም፣ ወይም ገንዳው ጠቧቸዋል። ከመካከላቸው ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ መረብ ጠንካራ አድርጋችሁ አቁሙ፤ እሱ ሰብሮ እንዳያልፍ በድንጋይ አስደግፉት። ጠፍጣፋውን ድንጋይ በእሷ በኩል፣ ከመረቡ ጥግ አድርጉት። እንቁላሏን እዚያ ስትጥል የወንዱ ዘር በውሃው ፍሰት በመረቡ አልፎ ይደርሳል። በ28 ዲግሪ በሦስት ቀን ገደማ ይፈለፈላሉ። በዚያ ሦስት ቀን ውስጥ መብራት ከጠፋ የአየር ድንጋዩን፣ ማለትም በአየር ፓምፑ ቱቦ ጫፍ ሆኖ አረፋ የሚያወጣውን፣ ከእንቁላሉ ጎን ጥቂት ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ከዚያ ወዲያ ባትሪ ልታበሩባቸው፣ ልታዩአቸው አትሂዱ። የተረበሹ ወላጆች እንቁላላቸውን ይበላሉ።