ስልክ ሲቋረጥ በጎጃም፦ ለአማተር ሬዲዮ በጎ ፈቃደኞች የአደጋ ጊዜ አሠራር

ጎርፍ ወይም የመሬት መንሸራተት መንገድ ሲዘጋ፣ የመብራት መስመር ሲበጠስና የስልክ ማማዎች መጠባበቂያ ባትሪ ሲያልቅ፣ የአማተር ሬዲዮ ኦፕሬተር፣ ማለትም ለንግድ ሳይሆን በራሱ ፍላጎት በሬዲዮ የሚገናኝ ሰው፣ በራሱ አንቴናና በራሱ ባትሪ መልእክት ማድረስ ይችላል። ይህን ለማድረግ ግን አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሬዲዮ ሞገድን የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት ስለሆነ፣ ፈቃድና የመጥሪያ ስም ሳይኖር ማይክሮፎን መጨበጥ በጎ ተግባር ሳይሆን ጥፋት ይሆናል። ለመማር የሚፈልግ ሰው ኢቲ3ኤኤ በተባለ የክለብ ጣቢያው የሚታወቀውን የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ቢጠይቅ መልካም ነው። ከፈቃዱ በተጨማሪ የወረዳው አስተዳደርና ፖሊስ ሥራውን በጽሑፍ እንዲያውቁት ማድረግ ይገባል፤ ጎረቤቱ የማያውቀው ሽቦ በግቢ ውስጥ ተዘርግቶ ሲታይ ጥርጣሬ መፍጠሩ አይቀርምና።

ጎጃም በሦስት ወገን በዓባይ የተከበበ፣ በመካከሉም ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጮቄ ተራራ የቆመበት አገር ነው። በእጅ የሚያዙት የቪ ኤች ኤፍ (በጣም ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ) ሬዲዮዎች በአብዛኛው የሚሠሩት እርስ በርስ በሚተያዩ ቦታዎች መካከል ስለሆነ፣ ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ወደ ማዶው አፋፍ ለመነጋገር ይጠቅማሉ፤ ወደ በረሃው ለወረደ ወይም ከተራራ ጀርባ ላለ ሰው ግን አይረዱም። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር በቀጥታ መስመር 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ለዚህ ርቀት የሚሻለው በአጭር ሞገድ ምልክቱን ወደ ላይ ልኮ አየኖስፌር ከተባለው የላይኛው የከባቢ አየር ንብርብር ተንጸባርቆ እንደ ዝናብ በአካባቢው ሁሉ ላይ እንዲወርድ ማድረግ ነው። በዚህ መንገድ ተራራው እንቅፋት አይሆንም።

አንቴናው ቀላል ነው። ለ7,110 ኪሎ ኸርዝ ጠቅላላ ርዝመቱ 20 ሜትር የሆነ፣ በመካከሉ ተከፍሎ በየወገኑ 10 ሜትር ሽቦ ያለው ዳይፖል ይበቃል። ለ3,760 ኪሎ ኸርዝ ደግሞ በየወገኑ 19 ሜትር ያስፈልጋል። ሁለቱም በዓለም አቀፉ የአማተር ሬዲዮ ክፍፍል ኢትዮጵያ በምትገኝበት ክልል ለአደጋ ጊዜ ግንኙነት እንደ መገናኛ ማዕከል የተመረጡ ፍሪኩዌንሲዎች ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ለቀን፣ ሁለተኛው ለሌሊት ይመቻል። አንቴና ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል የሚለው አነጋገር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ከ5 እስከ 7 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሽቦ ምልክቱን ወደ ላይ ይልከዋል፣ የተፈለገውም ይኸው ነው። ለምሰሶነት በየደጃፉ ያለው ባሕር ዛፍ ይበቃል፤ ሆኖም ሽቦው እርጥብ ግንድ እንዳይነካ በናይለን ገመድ ተለይቶ መታሰር አለበት። የጎጃም ክረምት መብረቅ የሚበዛበት ስለሆነ ነጎድጓድ እንደተሰማ የአንቴናውን ገመድ ከሬዲዮው ነቅሎ ከቤት ማውጣት ይገባል፤ ከባድ መልእክትም ቢሆን ነጎድጓዱ እስኪያልፍ ይቆያል።

ባለ 100 ዋት ሬዲዮ ሲያስተላልፍ እስከ 20 አምፔር የሚደርስ፣ ሲያዳምጥ ግን 1 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ጉልበቱ ወደ 25 ዋት ቢቀነስ በተቀባዩ መለኪያ ላይ የሚወርደው አንድ ደረጃ ብቻ ነው። ስለዚህ ባትሪ መቆጠብ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከመሣሪያው ይልቅ ሰዎችን የሚጎዳው የተሳሳተ መልእክት ነው። በጫጫታ መካከል «ሠላሳ» እና «ስልሳ» አይለዩም፤ «ሰባት» እና «ሰባ»፣ «ዘጠኝ» እና «ዘጠና» እንዲሁ። የተጠየቀው ስልሳ ኩንታል ዱቄት ሆኖ ሠላሳ ቢጫን ግማሹ ሕዝብ ጦሙን ያድራል። ስለዚህ ማንኛውም ቁጥር በሙሉ ከተነገረ በኋላ አሃዝ በአሃዝ «ስድስት፣ ዜሮ» ተብሎ ይደገማል፤ ተቀባዩም መልሶ ያነበዋል፤ ላኪው «ትክክል ነው» ካላለ መልእክቱ እንዳልደረሰ ይቆጠራል።

ሰዓትም እንደዚሁ ነው። በመረቡ ውስጥ፣ ማለትም በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ አብረው በሚሠሩት ጣቢያዎች ዘንድ ያሉት ሁሉ አማርኛ ተናጋሪዎች ከሆኑ «ጠዋት 3 ሰዓት» ማለት ይበቃል፤ «3 ሰዓት» ብቻ ማለት ግን ቀኑን ከሌሊቱ ያደባልቃል። ከውጭ ከመጡ ረድኤት ሰጪዎች ጋር ሲሆን ደግሞ የስድስት ሰዓት ልዩነት ይመጣል። የመልእክቶቹ መዝገብ በዓለም አቀፍ ሰዓት (ዩቲሲ) ይጻፍ፦ በቀኑ ሰዓት ላይ 3፣ በሌሊቱ ላይ 15 ይደመራል፣ ድምሩ 24 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 24 ይቀነሳል። ጠዋት 3 ሰዓት 06:00፣ ማታ 3 ሰዓት 18:00 ይሆናል ማለት ነው። በዚህ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት መሆኑንም ማስታወስ ያስፈልጋል።

የቦታ ስም ከዞን ጀምሮ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ ጎጥ እየተባለ ይነገራል፤ ጊዮርጊስ ወይም ማርያም የሌለበት ወረዳ ስለማይገኝ «ጊዮርጊስ አጠገብ» የሚለው ብቻውን አቅጣጫ አይሆንም። መልእክቱን የሚጽፈው ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው፣ ለምሳሌ የጤና ባለሙያው ወይም የቀበሌው ሊቀ መንበር ነው። ኦፕሬተሩ ቃሉን አያሳጥርም፣ አያሳምርም። «ብዙ ሰው ተጎድቷል» የሚል ወረቀት ሲመጣለት ግን ስንት እንደሆኑ እንዲጻፍ ለላኪው መልሶ መስጠት ይችላል፤ እንዲያውም ይህን ማድረግ ይኖርበታል።

የአማተር ሬዲዮ ንግግር በምሥጢር ቋንቋ ሊሸፈን ስለማይፈቀድ፣ የሚነገረውን ሁሉ የፈለገ ያዳምጠዋል። የሟች ስም በአየር ላይ አይጠራም። መርዶ በዘመድና በሽማግሌ፣ በወጉ የሚነገር ነገር ነው፤ አንዲት እናት የልጇን ሞት ከጎረቤት ሬዲዮ እንድትሰማ ማድረግ ከአደጋው የማያንስ ጉዳት ነው። ቁጥሩ ብቻ ይተላለፋል፣ ስሙ በመልእክተኛ በወረቀት ይላካል።

በመረቡ ላይ አንድ መሪ ጣቢያ ይኖራል፤ ሌሎቹ ካልተጠሩ ወይም የሰው ሕይወት የሚመለከት መልእክት ካልያዙ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ሕይወትን የሚመለከተው ይቀድማል፣ ከዚያ መድኃኒትና ምግብ፣ በመጨረሻም «ደኅና ነን» የሚሉ የቤተሰብ መልእክቶች ይከተላሉ። ስልክ ሲመለስ መሪው እያንዳንዱን ጣቢያ ጠርቶ ያልደረሰ መልእክት መኖሩን ይጠይቃል፣ ፍሪኩዌንሲው ነፃ መሆኑን ያስታውቃል፣ የመዝገቡንም ቅጂ ለወረዳው ያስረክባል።