የዳክዬ እንቁላል ቤት ውስጥ ስታስፈለፍሉ፦ የትኛው ይውጣ፣ የትኛው ይቆይ?

መጀመሪያ አፍንጫችሁን እመኑ። የማስፈልፈያ ማሽኑን ስትከፍቱ ትንሽም ብትሆን የግማት ሽታ ከመጣች፣ ውስጥ የተበላሸ እንቁላል አለ። ለነገ አታሳድሩት። እኔ አንዴ "የሸተተው ከታች ለእርጥበት ያለው ውሃ ይሆናል" ብዬ ሁለት ቀን ዝም አልኩ፤ በ20ኛው ቀን አንዱ ፈነዳና አጠገቡ የነበሩት ስድስት እንቁላሎች በዛ ፈሳሽ ተነከሩ፣ ከስድስቱ አንድም አልተፈለፈለም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ዳክዬ መሬት ላይ፣ ያውም እርጥብ ቦታ ላይ ትጥላለች። ጭቃና ኩስ እንቁላሉን ይነካውና ባክቴሪያው በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ይገባል። ከዛ በ37.5 ዲግሪ ሙቀት ለሳምንታት ስናስቀምጠው ይራባል፣ ጋዝ ይፈጥራል፣ ይፈነዳል። ስለዚህ ጭቃ የለበሰውን ከመጀመሪያውም አታስገቡ። ትንሽ የቆሸሸውን በደረቅ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት። ቀዝቃዛ ውሃ ግን በፍጹም! ውስጡ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይስበዋል።

በ7ኛው ቀን ማታ፣ ክፍሉን አጨልማችሁ የስልክ መብራት በወፍራሙ ጫፍ በኩል አብሩበት። እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ደም ስር፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ጥቁር ነጥብ ካያችሁ ደህና ነው። ጥርት ብሎ የአስኳሉ ጥላ ብቻ ከታየ አልዳበረም። ደም ስሩ ጠፍቶ ቀይ ቀለበት ብቻ ከቀረ ሽሉ ሞቷል፣ አውጡት። ካልለየላችሁ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርጉበትና መልሱት፣ በ10ኛው ቀን እንደገና እዩት። ሽታ እስከሌለው ድረስ ሦስት ቀን መጠበቅ ምንም አይጎዳም።

ቅርፊቱ ላይ እንደ ላብ የወጣ፣ የሚያጣብቅ ጠብታ ያለው እንቁላል አደገኛ ነው። አትነቅንቁት። ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቃችሁ ቀስ ብላችሁ ያዙት፣ ፌስታሉን ገልብጡበትና ውጪ ቅበሩት። ውስጡን ለማየት ብላችሁ ቤት ውስጥ አትስበሩት። ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ላይ የሻማ ጠብታ ማድረግ ይቻላል፣ ስንጥቁ ላይ ብቻ፤ ቅርፊቱ መተንፈስ አለበትና። ፈሳሽ ከወጣው ግን አይሆንም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ በሕይወት ያለውን መጣል ነው። ዶሮ በ21 ቀን ስለሚፈለፈል ብዙ ሰው 22ኛው ቀን ላይ "ሞቷል" ይላል። የተለመደው ዳክዬ 28 ቀን ይፈልጋል፣ ፊቷ ላይ ቀይ ሥጋ ያላት መስኮቪ ደግሞ 35። መብራት ጠፍቶ ቢቀዘቅዝም ሁሉንም አትጣሉ። ማሽኑን ሳትከፍቱ፣ የአየር ቀዳዳውን ሳትደፍኑ ብርድ ልብስ ጣል አድርጉበት። ከአራት ከአምስት ቀን በኋላ በመብራት አይታችሁ ወስኑ።

ደጋ ላይ ላላችሁ፦ አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ እንቁላሉ ቶሎ ይደርቃል። ጥቂቶቹን እየመዘናችሁ ተከታተሉ። 80 ግራም የነበረው በ25ኛው ቀን 70 ግራም አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። በጣም ከቀለለ ማሽኑ ውስጥ ከታች ውሃ ጨምሩ።

የተለመደው ዳክዬ ከሆነ በ25ኛው ቀን እንቁላሎቹን ማገላበጡን አቁሙና እርጥበቱን ወደ 70 በመቶ አድርሱ። ጫጩቱ ቅርፊቱን ከነደለ በኋላ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ 24፣ አንዳንዴም 48 ሰዓት ይፈጃል። እኔም አንጀቴ አልችል ብሎኝ ቶሎ ከፍቼ አውቃለሁ፣ ደም ፈሶት ሞተ። ከ48 ሰዓት በላይ ከቆየና ከቅርፊቱ ስር ያለው ስስ ሽፋን ደርቆ ከተጣበቀበት ብቻ፣ ሽፋኑን ለብ ባለ ውሃ በጥጥ አርጥቡና ቅርፊቱን ከቀዳዳው ዙሪያ ትንሽ ትንሽ አንሱለት። ቀይ ደም ስር ካያችሁ እዛው አቁሙና መልሱት፤ አስኳሉን ገና ወደ ሆዱ እያስገባ ነው።